የሳንባ ሕመም ይግባኝ፦ ለአሜሪካ ጦር አገልግለው ጎጃም ለገቡ ከሦስቱ መንገዶች የትኛው ይሻላል?

የእናቴ ወንድም በአሜሪካ ጦር አገልግሎ፣ ኢራቅ ዘምቶ፣ በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ ገብቶ ቤት የሠራ ሰው ነው። ጋሼ እለዋለሁ። ከቤቱ እስከ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሦስት ቦታ ቆም ብሎ ይተነፍሳል። ድሮ ያን ዳገት ሳያርፍ ነበር የሚወጣው። ለሳንባው ሕመም ካሳ ጠይቆ «አልተፈቀደም» የሚል ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤው ሦስት የይግባኝ መንገድ ይዘረዝራል። ሦስቱንም አነበብን። የቱን እንደምንይዝ ግን ግራ ገባን።

ይህን የምጽፈው እንደኛ ግራ ለገባቸው ነው። ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ ወይም ቢቸና ላሉ። ልጃቸው አሜሪካ ሆኖ ወረቀቱን እዚህ ለሚያሰባስቡለት ወላጆችም ይሆናል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ይህ ለአሜሪካ ጦር ያገለገሉትን ብቻ የሚመለከት ነው። የኢትዮጵያ ሠራዊት የጉዳት አበል ሌላ ሕግ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት አለው። እዚህ የማወራለት ካሳ የሚከፈለው በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ በአጭሩ ቪኤ እለዋለሁ። ጎጃም መኖር ካሳውን አያስቀርም። የአሜሪካ ዜግነትም መስፈርት አይደለም። የሚታየው አገልግሎቱና የተሰናበቱበት ሁኔታ ነው።

በመጀመሪያ፦ ፋይሉ ውስጥ የጎደለው ምንድን ነው?

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «የትኛው ይፈጥናል?» ብሎ ነው። እኛም እንደዚያው ነበርን። ትክክለኛው ጥያቄ ግን «ምን ጎደለ?» የሚለው ነው። ምርጫው ከዚህ ይጀምራል።

ካሳ እንዲፈቀድ ሦስት ነገር መቆም አለበት። አንደኛ፣ ዛሬ ያለ ሕመም። ሁለተኛ፣ በአገልግሎት ጊዜ የደረሰ ነገር፤ ለምሳሌ የቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ ጭስ። ሦስተኛ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የሐኪም አስተያየት። ሐኪሙ እርግጠኛ መሆን የለበትም። «ከአገልግሎቱ የመጣ የመሆኑ ዕድል ቢያንስ እኩል ነው» ካለ ይበቃል።

ነሐሴ 2014 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦገስት 10፣ 2022) የፓክት ሕግ (በአገልግሎት ለጭስና ለመርዝ የተጋለጡትን የሚመለከት የአሜሪካ ሕግ) ሲፈረም ይህ ሦስተኛው ለብዙዎች ቀረ። ከኦገስት 2፣ 1990 ጀምሮ በኢራቅ፣ ኩዌት፣ ሳዑዲ አረቢያ፣ ባሕሬን፣ ኦማን፣ ኳታር፣ የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ወይም ሶማሊያ ያገለገለ ሰው በሕጉ ተካቷል። ከሴፕቴምበር 11፣ 2001 ጀምሮ በአፍጋኒስታን፣ ጅቡቲ፣ ግብፅ፣ ዮርዳኖስ፣ ሊባኖስ፣ ሶሪያ፣ የመን ወይም ኡዝቤኪስታን ያገለገለም እንዲሁ። እነዚህ ሰዎች ስር የሰደደ ብሮንካይተስ፣ ሲኦፒዲ (የአየር መተላለፊያን የሚያጠብ ስር የሰደደ የሳንባ ሕመም)፣ ኤምፊዚማ፣ የሳንባ ፋይብሮሲስ፣ ሳርኮይዶሲስ ወይም ከአገልግሎት በኋላ የተገኘ አስም ካለባቸው ሕመሙ ከአገልግሎቱ እንደመጣ ይታሰብላቸዋል። ቦታውን፣ ጊዜውንና ሕመሙን ማሳየት ይበቃቸዋል።

ስለዚህ ደብዳቤውን ዘርግተው ሁለት ቦታ ያስምሩበት። ቪኤ የተቀበላቸው ነጥቦች የተዘረዘሩበትን፣ ከዚያም ያልተሟላው ምን እንደሆነ የተጻፈበትን። የተቀበሉት ነጥብ ከባድ ስህተት ካልተገኘበት በቀር ቀጣዩንም ገምጋሚ ይይዘዋል። እንደገና መከራከር የለብዎትም።

ሁለተኛው መለኪያ ቀኑ ነው። ይህ እኛን ጎድቶናል። ጋሼ ውሳኔው የተሰጠበትን ቀን በአሜሪካ ልማድ 03/10/2023 ብሎ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈ። እኔ ኦክቶበር 3 ብዬ አነበብኩት። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ። ማርች 10 ነበር፤ በእኛ መጋቢት 1 ቀን 2015። ሁለቱ መንገዶች በአንድ ዓመት ውስጥ ይዘጋሉ። የቀረው (ከታች መንገድ አንድ የምለው) ባይዘጋም፣ ዓመቱ ካለፈ ውዝፉ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን ጀምሮ አይታሰብም። ስህተቱን ያወቅነው ቀኑ ካለፈ በ11ኛው ቀን ነው። የጋሼ ከአንድ ዓመት በላይ ውዝፍ እንዲሁ ቀረ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አይቁጠሩ። ጳጉሜ 6 የምትሆንበት ዓመት መሃል ከገባ አንድ ቀን ሊዘሉ ይችላሉ። ለምሳሌ ጃንዋሪ 5፣ 2023 ታኅሣሥ 27 ቀን 2015 ነበር። የ2016 ታኅሣሥ 27 ግን ጃንዋሪ 6 ላይ ዋለ። አንድ ቀን አለፈ ማለት ነው። የወሩን ስም በፊደል ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት።

የቀሩት መለኪያዎች ቀላል ናቸው። ምን ያህል ይቆያል? አዲስ ወረቀት ይቀበላል? ካልተሳካ ቀጥሎ የትኛው በር ክፍት ነው? ከጎጃም ሆኖስ ይሠራል?

መንገድ አንድ፦ ማስረጃ ጨምሮ እንደገና ማመልከት

አሜሪካኖቹ ሰፕልመንታል ክሌም ይሉታል። ቅጹ 20-0995 ነው። አዲስና ከጉዳዩ ጋር የሚያያዝ ማስረጃ ይጠይቃል። አዲስ ማለት ቀድሞ ፋይሉ ውስጥ ያልነበረ ነው። ከፓክት ሕግ በፊት ተከልክለው ሕመሙ አሁን በዝርዝሩ ውስጥ ከገባ፣ የሕጉ መለወጥ ራሱ ይህን መንገድ ይከፍታል። ቪኤ ማስረጃ በመፈለግ የማገዝ ግዴታውም የሚቀጥለው እዚህ ነው።

በሳንባ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ቁጥር ነው። ጋሼ መጀመሪያ የሄደበት አንድ ክሊኒክ «ሲኦፒዲ» ብሎ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ሰጠው። ቁጥር የለውም። እንዲህ ያለ ወረቀት ሕመሙ መኖሩን ይናገራል፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን አይናገርም። የካሳው መቶኛ፣ ማለትም ቪኤ ለሕመሙ ክብደት የሚሰጠው ደረጃ፣ የሚወሰነው ስፓይሮሜትሪ በሚባለው የመንፋት ምርመራ ነው። ዋናው ቁጥር ኤፍኢቪ-1 ይባላል። በአንደኛው ሴኮንድ ተነፍቶ የሚወጣው አየር፣ በእርስዎ ዕድሜና ቁመት ካለ ጤነኛ ሰው አንጻር ሲታይ ማለት ነው።

ለሲኦፒዲ እንዲህ ይታያል። ኤፍኢቪ-1 ከ71 እስከ 80 በመቶ ከሆነ ካሳው 10 በመቶ ነው። ከ56 እስከ 70 ከሆነ 30። ከ40 እስከ 55 ከሆነ 60። ከ40 በታች ከሆነ 100። ቤት ውስጥ ኦክስጅን የታዘዘለት ሰውም 100 ያገኛል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በፈረንጆቹ 2025 ተመን ቤተሰብ የማያስተዳድር ሰው በ10 በመቶ በወር 175.51 ዶላር፣ በ30 በመቶ 537.42፣ በ60 በመቶ 1,395.93፣ በ100 በመቶ 3,831.30 ያገኝ ነበር።

ስለዚህ ወደ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ከመነሳትዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ። «ስፓይሮሜትሪ አላችሁ? ፓፍ ከተሰጠ በኋላም ትለካላችሁ? ወረቀቱን ከነግራፉ ትሰጣላችሁ?» መካከለኛው ጥያቄ እንዳይረሳ። ፓፍ ማለት ወደ ውስጥ የሚሳበው የመተንፈሻ መድኃኒት ነው። ቪኤ በመደበኛነት የሚያየው ከፓፍ በኋላ ያለውን ውጤት ነው። ከፓፍ በፊት ያለው የተሻለ ሆኖ ከተገኘ ግን እሱን ይወስዳል።

ጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ እዚህ ብዙ አታግዝም። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ባሕር ዳር እንኳ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። በከፍታ የጤነኛ ሰውም ኦክስጅን ዝቅ ይላል። መቶኛው የሚወሰንበት ሠንጠረዥም ይህን ቁጥር አይጠይቅም።

ሌላው የእኛ አገር ጉዳይ ጭስና ቲቢ ነው። ሐኪም የማገዶ ጭስ፣ የእንጀራ ምጣድ፣ ድሮ የተያዙበትን ቲቢ ይጠይቃል። እውነቱን ይንገሩት። ነገር ግን የዘመቻውንም ጭስ ይንገሩት፤ የት፣ ስንት ወር፣ ጉድጓዱ ከመኝታዎ ምን ያህል ይርቅ እንደነበር። ሐኪሙ ካልሰማ አይጽፍም። የጋሼ የመጀመሪያው ካርድ ላይ «የማገዶ ጭስ» ብቻ ነበር የተጻፈው፤ ምክንያቱም ሌላውን ማንም አልነገረውም። ጋሼ ባላድ የነበረ ሰው ነው። የባላድ ማቃጠያ ጉድጓድ በኢራቅ ከነበሩት ትልልቆቹ አንዱ ነበር።

የሆስፒታል ካርድ እዚህ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ትርጉም አያስጨንቅም። በአማርኛ የሚሆነው የቤተሰብና የጎረቤት ምስክርነት ነው፤ እሱን አስተርጉመው ከዋናው ጋር ያያይዙ። ቅጹ 21-10210 ነው። ሚስት «ሌሊት ተቀምጦ ነው የሚያድረው» ብላ የምትጽፈው ቃል ዋጋ አለው። አብሮት የዘመተ ጓደኛ ስለ ጉድጓዱ ቢጽፍ ደግሞ የበለጠ።

ስምዎንም ያስተካክሉ። በዲዲ-214 (ከጦሩ ሲሰናበቱ በሚሰጠው የአገልግሎት ወረቀት) ላይ የአባት ስም በአንድ አጻጻፍ፣ በሆስፒታል ካርድ ላይ በሌላ ከሆነ ወረቀቱ የማን እንደሆነ ጥያቄ ይነሳል። የልደት ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመዝግቦ ሲገኝም እንዲሁ። ካርድ ክፍል ሲደርሱ የዲዲ-214 ኮፒ ያሳዩ።

ቪኤ ለዚህ መንገድ የያዘው ግብ በአማካይ 125 ቀን ነው። ካልተሳካ ሦስቱም በሮች እንደገና ክፍት ናቸው። ለእኔ ይህ ትልቁ ጥቅሙ ነው።

መንገድ ሁለት፦ የበላይ ገምጋሚ

ሃየር ሌቭል ሪቪው ይባላል፤ ቅጽ 20-0996። ልምድ ያለው ሌላ ሠራተኛ ያንኑ ፋይል ከመጀመሪያው ያየዋል። አዲስ ወረቀት አንድም አይቀበልም።

የሚጠቅመው ማስረጃው ሞልቶ ሳለ በትክክል ያልተነበበ እንደሆነ ነው። ምሳሌ ልስጥ። ፋይሉ ውስጥ ኤፍኢቪ-1 ከፓፍ በኋላ 54 የሚል ውጤት አለ፤ የተሰጠው ግን 30 በመቶ ነው። ወይም ጅቡቲ ማገልገልዎ በዲዲ-214 ላይ ተጽፎ እያለ የፓክት ሕግ አልታየልዎትም። ወይም ምርመራ ሊያዝልዎት ሲገባ አልታዘዘም። ይህን የመጨረሻውን ገምጋሚው ካገኘው ፋይሉን ማስረጃ እንዲሟላ ይመልሰዋል።

አንድ የስልክ ውይይት መጠየቅ ይቻላል። ስህተቱ የት ገጽ ላይ እንደሆነ ለመናገር ነው እንጂ አዲስ ታሪክ ለማውራት አይደለም። ሰዓቱን ያስተውሉ። በዋሽንግተን ጠዋት 9 ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር፣ እኛ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። በክረምታቸው 11 ይሆናል። ኔትወርክ በሚጠፋበት ሰሞን ውይይቱን ባይጠይቁ ይሻላል። ነጥቡን በአንድ ገጽ ጽፈው ከቅጹ ጋር ይላኩ።

ይህም 125 ቀን ግብ አለው። በዚህ ውሳኔ ላይ ሌላ የበላይ ገምጋሚ መጠየቅ ግን አይቻልም። ከዚህ የሚወጡት ወደ መንገድ አንድ ወይም ወደ ቦርድ ነው።

መንገድ ሦስት፦ የይግባኝ ቦርድ

ቅጽ 10182። ጉዳዩን የሚያየው የቀድሞ ወታደሮች ሕግ ዳኛ ነው። ውስጡ ሦስት ሰልፍ አለው። በቀጥታ እንዲታይ፤ ማስረጃ በ90 ቀን ውስጥ ጨምሮ እንዲታይ፤ ወይም ዳኛው ፊት ቀርቦ መናገር። የመጀመሪያው ግቡ 365 ቀን ነው። ሌሎቹ ከዚያ ይረዝማሉ፤ ችሎት ያለው ከሁሉም ይዘገያል። ከኢትዮጵያ ሆነው ችሎት መቅረብ ካሰቡ፣ ከየት ሆነው መሳተፍ እንደሚፈቀድ ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት ይጠይቁ።

ቦርዱ የሚሻለው ክርክሩ የሕግ ሲሆን ነው። ወይም ሁለት ሐኪሞች ተቃራኒ ጽፈው አመዛዛኝ ዳኛ ሲያስፈልግ። ዕድሜው 75 የሞላ፣ በጠና የታመመ ወይም ከባድ የገንዘብ ችግር ያለበት ሰው ጉዳዩ እንዲቀድምለት መጠየቅ ይችላል። ቦርዱ ከከለከለ በ120 ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ማስረጃ ጨምሮ ወደ መንገድ አንድ መመለስም አለ።

በአንድ እይታ

| መለኪያ | ማስረጃ ጨምሮ ማመልከት | የበላይ ገምጋሚ | ቦርድ |
|---|---|---|---|
| ቅጽ | 20-0995 | 20-0996 | 10182 |
| አዲስ ማስረጃ | ግድ ነው፤ የሕግ ለውጥም ይበቃል | አይቀበልም | እንደ ሰልፉ |
| የጊዜ ገደብ | የለውም፤ ውዝፉን ለማቆየት ግን 1 ዓመት | 1 ዓመት | 1 ዓመት |
| የቪኤ ግብ | 125 ቀን | 125 ቀን | ከ365 ቀን ጀምሮ |
| የሚያየው | የቪኤ ሠራተኛ | ልምድ ያለው ሌላ ሠራተኛ | ዳኛ |
| ካልተሳካ | ሦስቱም ክፍት | መንገድ አንድ ወይም ቦርድ | መንገድ አንድ ወይም ፍርድ ቤት |
| ከጎጃም ሲታይ | የምርመራ ጉዞ አለው | ጉዞ የለውም | ጉዞ የለውም፤ ችሎት ከተጠየቀ ይለያል |

ለማን የትኛው?

ስፓይሮሜትሪ ላልተነሳ ሰው መንገድ አንድ ነው፤ ሌላውን አያስብ። ጋሼም በዚህ ሄዶ 30 በመቶ ተወስኖለታል።

ከፓክት ሕግ በፊት የተከለከለ፣ በዝርዝሩ ያለ አገር የዘመተ ሰውም መንገድ አንድ ይያዝ።

ወረቀቱ ሙሉ ሆኖ መቶኛው ያነሰበት፣ ቁጥሩንም ከሠንጠረዡ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን ጣቱን ሰክቶ ማሳየት የሚችል፣ ወደ የበላይ ገምጋሚ ይሂድ። ወጪ የለውም። አባይ በረሃን መሻገርም አይጠይቅም። አንድ ነገር ግን ይወቁ። አስም፣ ብሮንካይተስና ሲኦፒዲ አብረው ቢኖሩ ለየብቻ መቶኛ አይሰጣቸውም፤ በከበደው በአንዱ ነው የሚታዩት። ለእሱ ብለው ይግባኝ አይበሉ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት የቀረው፣ ምርመራውን ያልጨረሰ ሰው ብዙ ጊዜ ተሸብሮ ወደ ቦርድ ይሮጣል። አያስፈልግም። በእጁ ያለችውን አንዲት አዲስ ወረቀት ይዞ መንገድ አንድን ያስገባ፤ የሚቀረውን ማስረጃ በቅጹ ላይ ይጥቀስ፤ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ይላከው። መንገድ ሲዘጋ ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የመጨረሻውን ወር አይጠብቁ። ቪኤ ምርመራ ካዘዘ ደግሞ አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል፤ በቀጠሮው መድረስ ካልቻሉ ከቀኑ በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ። ያለ ምክንያት የቀረ ቀጠሮ ለውድቅ ውሳኔ ይዳርጋል።

መቶኛው ትንሽ ስለሆነ ብቻ የሚተዉ አሉ። አይተዉት። ሕመሙ ከአገልግሎት የመጣ መሆኑ ከተፈቀደ፣ ዜሮ በመቶ ቢሆን እንኳ፣ የቪኤ የውጭ አገር ሕክምና ፕሮግራም የዚያን ሕመም ወጪ ይሸፍናል። በየወሩ ፓፍ ለሚገዛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ገንዘብ የሌለው ሰው ለጠበቃ ብሎ አይበደር። እንደ አሜሪካን ሊጅንና የአካል ጉዳተኛ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ያሉት ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች በነፃ ይሠራሉ። ውክልናው በቅጽ 21-22 ነው። ለመንገድ አንድና ሁለት እነሱ ይበቃሉ ባይ ነኝ። ጠበቃ የሚያስፈልገው ቦርድና ፍርድ ቤት ሲደረስ ነው። ቪኤ ከውዝፉ ላይ ቀንሶ ለጠበቃው በቀጥታ የሚከፍለው ከ20 በመቶ አይበልጥም። «እኔ አስጨርስልሃለሁ፣ ከየወሩ ትሰጠኛለህ» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ይዝጉበት። ፈቃድ ያለው ሰው ስሙ ቪኤ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል፤ ፈልገው ያረጋግጡ።

በጠና የታመመ ሰው ካለ ደግሞ ቤተሰቡ አንድ ነገር ይወቅ። ባለጉዳዩ በሂደቱ መሃል ቢያርፍ ጉዳዩ አብሮት አይቀበርም። ሚስቱ ወይም ሌላ መብት ያለው ቤተሰብ ተተክቶ መቀጠል ይችላል። ጥያቄው ካረፈበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት፤ ቅጹ 21ፒ-0847 ይባላል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ይህን አያስታውስም። ስለዚህ ቁጥሩን አሁኑኑ ከዲዲ-214 ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ ያስቀምጡላቸው።